አቅደን ነው ወይስ ዶልተን

መካነ ሰላም ውስጥ ስፓኒሽ የሚችል ሰው ቢፈለግ የወፍጮ ጠጋኙ ሁዜይፋ ብቻ ነው። በደርግ ጊዜ በልጅነቱ ኩባ ተልኮ ተምሮ መጥቷል። የሚያዋራው ሰው ቢያጣ፣ አልነሳ ያለ ሞተር ይሰድብበታል።

ዘንድሮ ግን ሰው አገኘ። አብሮት ኩባ የተማረው፣ እዚያው አግብቶ እዚያው የሞተው የጓደኛው የሳቢር ልጅ አፍናን የአባቷን ዘመዶች ልትጠይቅ መጣች። አማርኛ አታውቅም። ስልኳ እዚህ ስለማይሠራላት ከቤቷ የሚደወለው በሁዜይፋ ስልክ ነበር።

አንድ ቀን የእናቷ እህት ከኩባ ደወለች። "እናቷ ሕመሙ ጠንቶባታል፤ የልጄን ድምፅ አሰሙኝ ትላለች" አለችው።

ሁዜይፋ ለሳቢር ታላቅ ወንድም ለሸህ ኑርጃን ነገራቸው።

"እንዳትነግራት" አሉት። "እንግዳ ናት፣ ትደነግጣለች። አላህ አፊያዋን ይመልስላት ይሆናል። ክፉው ከመጣም መርዶ የሚነገረው ዘመድ ተሰብስቦ ነው።"

ወጉ ነውና እሺ አለ። እናቲቱ የልጇን ድምፅ ሳትሰማ ሞተች። ከአቀስታና ከኩታበር ዘመድ እስኪመጣ ደግሞ ተጠበቀ። አፍናን በየቀኑ "እማማ አልደወለችም?" ትለዋለች፤ እሱ "ኔትወርክ የለም" ይላታል፤ እሷም አመስግናው ትሄዳለች። ሰው እንዴት በውሸቱ ይመሰገናል?

ዘመድ ቤቱን በሞላበት ማለዳ ሸህ ኑርጃን አረዷት፤ ሁዜይፋ ተረጎመ። አልቅሳ አልቅሳ ሲደክማት ቀና አለችና፣ የእናቷን መታመም ከመቼ ጀምሮ ያውቁ እንደነበር ጠየቀች።

"ለሷ አስበን ያቀድነው ነው በላት" አሉ ሸሁ።

ማቀድ በስፓኒሽ "ፕላኔአር" ነው፤ የቢሮ ቃል፣ ማንም የማይቀየምበት። "ትራማር" የሚባል ሌላ ቃልም አለ። እሱና ሳቢር የትምህርት ቤቱን ብርቱካን ሊሰርቁ ጥግ ይዘው ሲንሾካሾኩ፣ አስተማሪያቸው "ደግሞ ምን ትዶልታላችሁ?" የምትላቸው በዚህ ቃል ነበር። ሸሁ እውነታቸውን ነው፤ በሚያውቁት ወግ አቅደዋል። እሱ ግን የአፍናንንም አገር ወግ ያውቃል። እዚያ የታመመች እናት ከልጇ አትደበቅም። ይህን እያወቀ ዝም ያለ ሰው አቀደ ይባላል? አፈረ።

"እሳቸው ለአንቺ ብለው አቀዱ" አላት በስፓኒሽ። "እኔ ግን ዶለትኩብሽ።"

አፍናን ትኩር ብላ አየችውና አንድ ነገር ጠየቀችው።

"ምን አለች?" አሉ ሸህ ኑርጃን።

"እናቴ ጠርታኝ ነበር ወይ ነው የምትለው።"

ሸሁ አንገታቸውን ደፉ።

"አዎ" አላት ሁዜይፋ። "ድምፅሽን ልስማ ብላ ነበር።"