የሪማ ፌንጣዎች

ባለፈው ሳምንት የመኝታ ክፍላችን ኤሲ ውኃ ማንጠባጠብ ጀምሮ አልጋ ሥር የደረደርኳቸውን የእንቁላል ካርቶኖች አረጠባቸው። ወለሉን ልወለውል ጎንበስ ስል የረጠበ ወረቀት ሽታ ፊቴን መታኝና መወልወያውን እንደያዝኩ ቀረሁ። ባለቤቴ ሰይድ እነዚህን ካርቶኖች ባየ ቁጥር ይስቅብኛል። ለማን ነው የምታጠራቅሚው፣ ዶሮዎቹ ተመልሰው እንቁላላቸውን ሊወስዱ ነው ይለኛል። ሹፌር ነው፤ ቀኑን ሙሉ ከደማም ኹበር ሲመላለስ ውሎ ሲገባ የሚስቅበት ነገር ካገኘ ይሁንለት ብዬ እተወዋለሁ። እውነቱን ለመናገር ለምን እንደማልጥላቸው ለራሴም ግልጽ አልነበረም። ሽታው ነው ያስታወሰኝ።

ሳዑዲ፣ ደማም፣ አል መዝሩዒያ ሰፈር ያለ ቤት ለሠራተኝነት የገባሁት ፓስፖርቴ ሃያ አራት ዓመቷ ነው እያለ፣ እኔ ግን አስራ ሰባት ሳይሞላኝ ነበር። ከወሎ ስመጣ ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ የቆመ ነው። ሥራው ምግብ ማብሰል፣ ማጽዳትና የዘጠኝ ዓመቷን ሪማን መጠበቅ ነው ተብዬ ነበር፤ ስለ ፌንጣ የነገረኝ የለም። ፌንጣ ስል ሣር ላይ የሚዘለውን አረንጓዴውን ማለቴ አይደለም፤ ቡናማውን፣ የግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ተደብቆ የሚጮኸውን ነው። ሪማ ዘይቱና የምትባል ቢጫ፣ ጥቁር ነጠብጣብ ያላት እንሽላሊት ነበረቻት፤ ዘይቱና ደግሞ የምትበላው በሕይወት ያለ ፌንጣ ብቻ ነው። ማዳም፣ የሪማ እናት፣ ፌንጣ ስታይ ትጮኻለች። ስለዚህ የፌንጣዎቹ ሣጥን እኔ የምተኛባት የዕቃ ክፍል ውስጥ ተቀመጠና የነሱም ሞግዚት ሆንኩ።

በመጀመሪያው ሳምንት ፈጀኋቸው። እንግዳ ሲመጣ ውኃ ይቀርባል ብዬ በፊንጃል ውኃ ሞልቼ ሣጥኑ ውስጥ አስቀመጥኩላቸው። ከሰዓት በኋላ ስከፍት ግማሾቹ ሰጥመው ተንሳፍፈዋል። ይቺ ልጅ ታለቅሳለች፣ ማዳም ትመጣለች፣ እኔም ወደመጣሁበት እመለሳለሁ ብዬ ስጠብቅ ሪማ አልተቆጣችም። ፊንጃሉን አውጥታ ጥጥ አርጥባ አስገባችና ውኃ ከጥጡ እንደሚመጥጡ ጣቷን እየጠባች አሳየችኝ። ዓረብኛ ማንበብ እንደማልችል ስታውቅ ሕጎቹን ሁሉ በስዕል ሠርታ ክዳኑ ላይ ለጠፈችልኝ። የእንቁላል ካርቶን ይቁምላቸው፤ መሸሸጊያቸው ነው። ካሮቱ ሳይበሰብስ ይቀየር። የሞተ እዚያው ቀን ይውጣ። ለዘይቱና ከመሰጠታቸው በፊት በደንብ ይብሉ፣ ከዚያ ለአጥንቷ የሚሆነው ነጭ ዱቄት ይነስነስባቸው። የተረፉትን ከእሷ ጋር መተው አይቻልም፤ ስትተኛ ይነክሷታልና። ይህን የመጨረሻውን ለማስረዳት ጥርስ ያለው ፌንጣ ሥላ ነበር፤ አሁንም ሳስበው ያስቀኛል።

ቦታ ሲጠባቸው እንደሚበላሉም ከእሷ ተማርኩ። ያመጣኝ ኤጀንሲ ቢሮ ውስጥ አስራ አራት ልጆች በአንድ ክፍል ሆነን አሠሪ ስንጠብቅ በማበጠሪያ መጣላታችን ትዝ ብሎኝ ሁለተኛ ሣጥን ለመንኩላቸው። እየቆየሁ ደህንነታቸውን በአፍንጫዬ ማወቅ ጀመርኩ። ጤነኛ ሣጥን የደረቀ ገለባ ይሸታል፤ ካርቶኑ ከረጠበ ግን ሌላ ሽታ ያመጣል፣ ያን ጊዜ ሳይውል ሳያድር መቀየር ነው። ከሰዓት በኋላ ሥራው ጋብ ሲል ሪማ ወደ ክፍሌ ትመጣና ወለሉ ላይ በደረታችን ተኝተን በሣጥኑ ጎን እናያቸዋለን። የትኛው ቀድሞ ጥጡ ላይ እንደሚደርስ እንወራረዳለን፤ ስትሸነፍ ታኮርፋለች፣ ስሸነፍ እኔም አኮርፋለሁ። እዚያ ክፍል ውስጥ ሁለት ልጆች መሆናችንን የሚያውቅ አልነበረም።

በሚቀጥለው ዓመት፣ በሙቀቱ ወራት፣ ዘይቱና ታመመች። እግሮቿ ልፍስፍስ አሉ፤ የእንስሳት ሐኪሙ ዱቄት የተነሰነሰበት ፌንጣ በየቀኑ መብላት አለባት፣ ካቋረጠች አትተርፍም አለ። በዚሁ መሐል ማዳም ሪማን ይዛ ሪያድ ዘመዶቿ ዘንድ ለአስር ቀን መሄድ ነበረባት። ሪማ መኪናው ውስጥ ከገባች በኋላ እንደገና ወርዳ መጥታ እጄን ያዘችና፣ ወላሂ በይ አለችኝ። ወላሂ አልኩ።

በአራተኛው ቀን፣ በዚያ በነሐሴ ሙቀት፣ የተባይ መድኃኒት የሚረጩ ሁለት ሰዎች መርጫ አዝለው መጡ። የጠራቸው ካፊሌ፣ አሠሪዬ የሪማ አባት ነው፤ ለእኔ የነገረኝ የለም። የካፊሌ እናት፣ ሐጃ የምንላቸው፣ እኔን ከግቢው እንዳትወጪ ብለው ሴት ልጃቸው ቤት ሄዱ። ሁለቱን ሣጥኖች ይዤ፣ ዘይቱናን ክዳኑን በበሳሁት የእርጎ ባልዲ ውስጥ ጨምሬ ግቢ ወጣሁ። ግቢው እንደ ምጣድ ነው። ጥላ ያለው በመስኮቶቹ ሥር ብቻ ነው፣ በመስኮቶቹ ደግሞ የመድኃኒቱ ሽታ ይወጣል። ፌንጣዎቹ መዝለል አቆሙ። አንዱ በጀርባው ተገለበጠ፣ ከዚያ ሌላው። በእነዚያ ቀናት ሌላ ፌንጣ የሚያመጣልኝ ሰው የለም። እነሱ ካለቁ ዘይቱና አለቀች፤ የእኔም ወላሂ ከንቱ ሆነ።

ሣጥኖቹንና ባልዲውን ይዤ በሩን ከፍቼ ወጣሁ። ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ካፊሌ ጋር ነው፣ ስልክ የለኝም፣ አባያዬን እንኳ ገልብጬ ነበር የለበስኩት። ከመስጊዱ ማዶ የአገሬ ልጅ እትዬ ፋጡማ የምትሠራበት ቤት ነበር፤ በጓሮው በር በኩል አንኳኩቼ ልብስ ማጠቢያ ክፍሏ ውስጥ፣ ቀዝቃዛው ወለል ላይ አስቀመጥኳቸው። እትዬ ፋጡማ ባልዲውንም ሣጥኖቹንም አየች፣ እኔን አየች።

«ኢቃማ ሳትይዢ፣ ሳታስፈቅጂ፣ ለፌንጣ ብለሽ ከበር ወጣሽ? ጠፋች ብለው ሁሩብ ቢሉሽ ማን ይመልስሻል? እብድ ነሽ እንዴ ልጄ?»

እያለቀሰች ይሁን እየሳቀች መለየት አቃተኝ። ቁርጥራጭ ካሮት ግን ሰጠችኝ።

ከዐሱር ሶላት በኋላ ስመለስ ካፊሌ በሩ ላይ ቆሟል። ሐጃ ቀድመው ተመልሰው ሲያጡኝ ጠፋች ብለው ጠርተውት ነበር። ስልኩን በእጁ ይዟል፤ ሁሩብ ሊያስመዘግብብኝ ጥቂት ነበር የቀረው። ያ ቢሆን ወረቀት አልባ እሆናለሁ፣ ተይዤ እባረራለሁ፣ አባቴ ለእኔ መንገድ የሸጠው በሬም በከንቱ ቀረ ማለት ነው። ዓረብኛዬ ሁሉ ጠፋብኝ። «ባባ፣ ማፊ ሁሩብ»፣ አልጠፋሁም፣ ብቻ አልኩና የሣጥኑን ክዳን ከፈትኩለት። አንዱ ፌንጣ መጮኽ ጀመረ።

ጎንበስ ብሎ አየ። ክዳኑ ላይ የተለጠፈውን የልጁን የሪማን ስዕል፣ ጥርስ ያለውን ፌንጣ፣ ረጅም ጊዜ አየው። ስልኩን ኪሱ ከተተና፣ ኸላስ፣ በቃ፣ ግቢ አለኝ። ሐጃ ግን አልረኩም፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ የግቢው በር ቁልፍ በእሳቸው አንገት ላይ ዋለ።

ሪማ ስትመለስ ሻንጣዋን ሳታስገባ ወደ ክፍሌ ሮጠች። ዘይቱና ስትውጥ አየችና ወገቤን አቅፋኝ ቆየች። ዘይቱና ዳነች፣ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረች። ሪማ አደገች፤ መጀመሪያ ወለል ላይ መተኛት ተወች፣ ቀጥሎ ወደ ክፍሌ መምጣት ተወች። እኔም ካፊል ቀይሬ፣ ሰይድን አግብቼ ወደ ኹበር መጣሁ። አሁን ሪማ ውጭ አገር ትማራለች ሲሉ ሰምቻለሁ።

የእኔ ልጅ ሒክማ ስምንት ዓመቷ ነው። ደቡብ ኹበር፣ ከአንድ ባቃላ፣ ከትንሽ ሱቅ፣ በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ እንኖራለን። የረጠቡትን ካርቶኖች አውጥቼ ስጥል ይህን ሁሉ ነገርኳት፤ ከዚያ ብቻዋን ወርዳ እንቁላል ልታመጣ ፈቃድ ጠየቀችኝ። የኢቃማሽን ኮፒ ያዢ አልኳት።

«ከታች ላለ ባቃላ? አንቺ ያን ቀን ይዘሽ ነበር?»

«አልያዝኩም።»

«አልፈራሽም?»

«ያኔ አልፈራሁም ነበር» አልኳት። ጫማዋን አሠርኩላት፣ ኮፒውን ኪሷ ከተትኩና በመጨረሻ አብሬያት ወረድኩ። እሷ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ቀደመችኝ፤ እኔ ግድግዳውን ይዤ ጉልበቴን እያዳመጥኩ ተከተልኳት። ለሁሉም ነገር ማስፈቀድ፣ ወረቀት መያዝ፣ በር ሁለት ጊዜ መቆለፍ ለምጃለሁ፤ ደክሞኝም ቢሆን አልተውም። ያቺ አባያዋን ገልብጣ የለበሰች ልጅ ዛሬ ሣጥኗን ታቅፋ መጥታ ልውጣ ብትለኝ፣ እኔ ራሴ በሩን አልከፍትላትም።