መነጽር ሠሪውና ታናሽ እህቱ

መነጽር ሠሪው ቅዳሜ ከሰዓት ሱቁን ዘግቶ፣ ከማተሚያ ቤቱ በላይ ወዳለው የቼዝ ክበብ ይወጣል። ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ትልቅ ሰሌዳ የግራንድ ማስተሮችን ጨዋታ እያንቀሳቀሰ ይተነትናል። የሱ ነገር ታክቲክ ነው፤ ወጥመዱን፣ የንግሥት መሥዋዕቱን፣ ድንገተኛውን ምት ሲያሳይ አዳራሹ ያጨበጭብለታል። ይህ ለዓመታት የሱ ብቻ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ጉንፋን ድምፁን ዘጋውና ነርሷ እህቱ ተተካች። ቼዝ ያስተማራት እሱ ራሱ ነው። እሷ ግን ከምቱ አልጀመረችም። ሰሌዳውን አየት አድርጋ፣ «እስቲ፣ እዚህ ጋ መፈናፈኛ ያጣው ማን ነው?» አለች። ሰዉ አሰበ፣ ተከራከረ፣ ሳቀ። ነጩ ግንቡን ሰጥቶ ፈረስ የበላው ተሳስቶ ሳይሆን ጥቁሩን ለማፈን መሆኑን ሁሉም ገባው።

መነጽር ሠሪው ኋላ ተቀምጦ ከአንገት በላይ ፈገግ አለ። ሲወጡ አንዲት ጡረተኛ ዳኛ ያዝ አደረጉትና፣ «እህትህ በሚቀጥለውም ትመጣለች አይደል?» አሉት። ስለ ጉንፋኑ አልጠየቁትም። 

ሳምንቱን ሙሉ በደንበኛና በደንበኛ መካከል ትንሿን የኪስ ቼዝ እያወጣ ያንኑ ጨዋታ ፈተሸው። እህቱ ስትሳሳት ለማየት ጓጉቶ ነበር። ሐሙስ አገኘው፤ ጥቁሩ ንጉሡን አንድ ቤት ወደ ጥጉ ቢያሸሽ የነጩን ጥቃት ውሃ ይበላዋል። ደውሎ ሊነግራት ይችል ነበር። አልደወለም።

ቅዳሜ፣ እህቱ ሰሌዳው ፊት ቆማ ገና አፏን ሳትከፍት ተነሣ። «ባለፈው የተነገራችሁ ስሕተት ነው» አለና ያንኑ ጨዋታ ሰሌዳው ላይ መልሶ የጥቁሩን ንጉሥ ወደ ጥጉ አንቀሳቀሰ።  እህቱ ቀረብ ብላ አየች፤ ጣቷን አፏ ላይ አድርጋ ቆየችና ድንገት ሳቀች።

«ጋሼ! እኔ እኮ ጭራሽ አላየሁትም! እንዴት አገኘኸው? በል ቀጥል፣ ቀጥል።»

ደስታዋ የምር ነበር። እንድታፍር ሲጠብቅ ባለማፈሯ ይበልጥ ተቃጠለ።

ጡረተኛዋ ዳኛ እጃቸውን አወጡ። «ጥሩ፣ ንጉሡ ተረፈ። ከዚያ በኋላስ ጥቁሩ ምን ያስብ?»

መነጽር ሠሪው ሰሌዳው ላይ አፈጠጠ። ያቺን አንድ እርምጃ እንጂ የሚቀጥለውን አላሰበበትም ነበር። እህቱን በዓይኑ ሰረቅ አድርጎ አያት። መልሱን ታውቀዋለች፣ ፊቷ ላይ ያስታውቃል። ግን እሱን ትጠብቃለች።

ከሰሌዳው ራቅ አለ። «እሱን… አንቺ ንገሪያቸው» አላት።

እሷም ጥቁሩ ወታደሮቹን በግራ በኩል እየገፋ እንዴት ቀስ በቀስ እንደሚተነፍስ አስረዳች። መሐል ላይ ወጥመድ ባለበት ቦታ ቆም ብላ «ይቺ የጋሼ ናት» አለችና ወደ ሰሌዳው ጠራችው።

ከዚያ ወዲህ አብረው ይሠራሉ፤ እሷ እቅዱን፣ እሱ ምቱን። ሚስቱ «ታዲያ አሁን ቅናቱ ለቀቀህ?» ብትለው፣ «የምን ቅናት?» ብሎ ተቆጣ። ነገር ግን ሰዉ ደረጃውን ሲወርድ አስቀድሞ እሷን ከተሰናበተ፣ እስከ ዛሬም ኮቱን ለመልበስ ብዙ ጊዜ ይወስድበታል።