እህቴ የተከለችው ጦስኝ

እህቴ በድንገት ከማረፏ አንድ ቀን በፊት፣ ከእንጦጦ ከነአፈሩ ያመጣነውን ጦስኝ ደጃችን ላይ ተከልን። አራርቃ ስትተክለው፣ «ደጁን ራሰ በራ አስመሰልሽው» አልኳት።

«አንተ ሰነፍ፣ ይልቅ ውሃ አምጣ! ክረምት ሲገባ ራሱ ይሞላዋል።»

ጎረቤታችን አባባ በአጥሩ በኩል፣ «ልጆች፣ ሥር እስኪይዝ እንዳይረገጥ» አሉን።

በማግስቱ የለቅሶው ድንኳን እዚያው ላይ ተተከለ። ሰው ሲረግጠው ሽታው ድንኳኑን ሞላው። «እንዳትረግጡት» ለማለት ግን አፈርኩ።

አሁን ደጁ በጦስኝ ተሸፍኗል። ስሄድበት ያው ሽታ ይመጣል። ደስ ይለኛል፤ እሷንም አስባታለሁ።

ያን ጊዜ፣ በቀብሯ ማግስት ጠዋት፣ ድንኳኑ ውስጥ ተንበርክኬ የተነቀለውን መልሼ ስተክል አባባ ወንበራቸውን ከጦስኙ ላይ ሳብ አደረጉልኝ። ከዚያ ማንም ሳያዘኝ ውሃ አመጣሁ።