ፈረስ የሌለው ጊዮርጊስ

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ፣ እዚሁ ዳላስ ነው። እስከ ዛሬ የማልረሳው ትዳሬ ገና ሳይጀመር በአንድ የጃፓን ጌጥ ምክንያት ሊፈርስ ትንሽ ስለቀረው ነው። ጥፋቱ የማን እንደሆነ አንባቢ ይፍረድ። እኔ ግን በፈረሱ ነው የማላክከው።

ያኔ አዲሰን ውስጥ አንድ ሬስቶራንት በር ላይ ቆሜ የሰው መኪና ፓርክ አደርግ ነበር። ትርሲት የምትባል ረዳት ነርስ ወድጄ፣ እሷም ወዳኝ፣ ልንጋባ ተስማምተናል። ችግሩ እናቷ ናቸው። እትዬ አስካለ ልጃቸውን ሊጠይቁ ከአዲስ አበባ መጥተው ካሮልተን እሷ ጋ አርፈዋል። ትርሲት ደግሞ እናቷ እሺ ካላሉ እንደማታገባኝ ቁርጡን ነግራኛለች። እሳቸው ገና ያዩኝ ቀን «ይሄ ልጅ አፉ አያርፍም» ብለዋታል። እውነታቸውን ነው፤ ትንሽ እቀላምዳለሁ። ወደ አገር የሚመለሱበት ቀን ከወር ብዙም አይርቅም ነበር።

ሶ፣ ስጦታ ልግዛላቸው አልኩ። ከሬስቶራንቱ ፊት ለፊት ቅዳሜ ቅዳሜ የእጅ ሥራ ገበያ አለ። እዚያ ኖሪኮ የምትባል ጃፓናዊት አሮጊት ጠረጴዛ ዘርግታ ጌጥ ትሸጣለች። ብሩን ራሷ ጠምዝዛ፣ የከበሩ ድንጋዮቹን ራሷ ሞርዳ ነው የምትሠራው። ነጭ ቀበሮ አለ፣ ጨረቃ ላይ ቁጭ ያለ ጥንቸል አለ፤ ሁሉም ከአገሯ ጥንታዊ ተረት የመጣ ነው። ዓይኔ የገባው ግን ደረት ላይ የሚሰካ አንድ ጌጥ ነው። አንድ ሰው ሰይፍ መዝዞ ከአረንጓዴ ድንጋይ የተሠራ ዘንዶ ላይ ቆሟል። ዘንዶው ላይ ቀያይ ጠጠሮች ጣል ጣል ብለውበታል።

ይሄ ምንድነው አልኳት። የእሷም እንግሊዝኛ የእኔም እንግሊዝኛ ያው ነው። በየዓመቱ ልጃገረድ የሚበላ ዘንዶ ነበር፣ ይሄ ጀግና መጥቶ ገደለው፣ ልጅቱንም አዳናት አለችኝ። ከዚህ በላይ መስማት አላስፈለገኝም። ጊዮርጊስ ጃፓን ድረስ መታወቁ ራሱ ልቤን ነካው። ሌላ ነገር ልትጨምር አፏን ስትከፍት እኔ ከፍዬ ሄጃለሁ።

እትዬ አስካለ ተቀብለው እያገላበጡ አዩት። ጊዮርጊስ ነው አልኳቸው። ፈረሱስ አሉኝ። እኔም ሳላስብ፣ ዘንዶው ሲደክም ጊዜ ወርዶ ነው፣ ፈረሱን ከዛፍ ጋር አስሮታል አልኳቸው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ቀና ብለው አዩኝና እግዜር ይስጥልኝ ብለው ነጠላቸው ላይ ሰኩት። እኔ በበኩሌ ጮቤ ረገጥኩ።

በሳምንቱ ኖሪኮን ላመሰግናት ሄድኩ። ቅዱስ ጊዮርጊስን አማቴ ወደዱልሽ ስላት ግራ ገባት። ቀስ ብላ አስረዳችኝ። ሰውየው ቅዱስ አይደለም፤ የጥንት ጃፓኖች የማዕበል አምላክ ነው፣ ያውም እህቱን አስቀይሞ ከሰማይ የተባረረ። ጉድ ፈላ። ጾም ጸሎት የማያስታጉሉት እትዬ አስካለ ደረት ላይ ጣዖት ሰክቼባቸዋለሁ ማለት ነው።

ብነግራቸው፣ ቀላማጅ መሆኔን ራሴ መሰከርኩ። ባልነግራቸው፣ ሌላ ሰው ይነግራቸዋል። ለትርሲት እንኳ ሳልተነፍስ ዝም አልኩ።

እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን የምወስዳቸው እኔ ነበርኩ። ጌጡን ሰክተው መኪናዬ ውስጥ ይገባሉ። በሩ ላይ ስንደርስ ግን ነቅለው ቦርሳቸው ውስጥ ይከቱታል። ሌባ ፈርተው መሰለኝ። ስንወጣ መልሰው ይሰኩታል። ሴቶቹ ሲያደንቁላቸው እኔን እያዩ ስሜን ጠርተው «ታደለ ነው፣ ጊዮርጊስ ነው ያለኝ» ይላሉ። እኔ ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል። አንድ ቀን ጭራሽ ፈረሱ ምን ዓይነት ነበር ብለው ጠየቁኝ። ነጭ አልኳቸው።

ሊሄዱ አራት ቀን ሲቀራቸው ሽማግሌ ላክሁ። አንዱ የታክሲ ሾፌር፣ አንዱ የቀድሞ አስተማሪ ናቸው። በደንቡ እኔ በአካባቢው መታየት የለብኝም። ግን የሾፌሩ መኪና ጋራዥ ስለገባች ያደረስኳቸው እኔው ነኝ። ከአፓርትመንቱ ሥር ፓርክ አድርጌ ጎንበስ ብዬ ተቀመጥኩ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሾፌሩ በረንዳ ላይ ወጥተው ና አሉኝ። ሽማግሌ ገብቶ ጠያቂው ራሱ ሲጠራ ሰምቼ አላውቅም። ደረጃውን እንዴት እንደወጣሁት እንጃ።

እትዬ አስካለ ጌጡን መዳፋቸው ላይ አድርገው ይጠብቁኛል።

«እነዚህ ሰዎች ባሉበት ንገረኝ። ይሄ ማነው?»

አንድ ውሸት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ዕድሜዬን ሙሉ ለዚህ ሰውዬ ፈረስ ስፈልግለት ልኖር ነው ብዬ ሰለቸኝ፤ አፈርኩም።

«ጊዮርጊስ አይደለም እትዬ። የጃፓኖች የጥንት አምላክ ነው። ስገዛው አላወቅኩም። ካወቅኩ ግን ሦስት ሳምንቴ ነው፤ ትርሲትን እንዳላጣ ፈርቼ ዝም አልኩ።»

«እኔ ካወቅኩ አራት ሳምንቴ ነው» አሉ። «ያመጣህልኝ ቀን የዘንዶውን ራስ ቆጠርኩት፤ ስምንት ነው። ሰባት ቢሆን ከዮሐንስ ራእይ ነው እል ነበር።»

እኔ ያ ሁሉ ጥምዝምዝ ጅራት መስሎኝ ነበር። ቀያዮቹ ጠጠሮች ለካ ዓይኖቹ ናቸው።

ከዚያ «ታሪኩን ጨርሰው» አሉኝ። ኖሪኮ እንደነገረችኝ ነገርኳቸው። ሰውየው መንገድ ላይ የሚያለቅሱ ባልና ሚስት አገኘ፤ ሰባት ልጆቻቸው ተበልተው አንዲት ነበረች የቀረቻቸው። ስምንት ጋን ኃይለኛ መጠጥ አስጠመቀ። ዘንዶው በስምንቱም ራሱ ጠጥቶ፣ ሰክሮ ሲተኛ አረደው። አስተማሪው ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑ። እትዬ አስካለ ግን አልሳቁም።

«ጊዮርጊስ ልጅቱን አዳናት እንጂ አላገባትም። ያንተውስ?»

«አገባት» አልኩ። «ግን ዘንዶውን ከመንካቱ በፊት ወላጆቿን ጠይቆ ነው።»

ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። «ይሄ ልጅ መዋሸት ይወዳል እንጂ አይችልበትም፤ ከሩቅ ያስታውቅበታል። ልጄን ለሚችልበት ከምሰጥ ለሱ ብሰጥ ይሻለኛል።»

ወጥ ቤት ውስጥ ትርሲት በሳቅ ስትፈነዳ ሰማሁ። ለካ እሷም ከመጀመሪያው ታውቅ ኖሯል፤ እንዳትነግረኝ እናቷ ገዝተዋታል። እኔ ወንዱ ልጅ ሽማግሌዎቹ ፊት እንባዬ መጣ፣ አልደብቅም።

አሁን ሳስበው ማፈሬም ደስታዬም እኩል ናቸው። እትዬ አስካለ ዛሬም ከአዲስ አበባ ይደውላሉ። ከልጃቸው ጋር ተጫውተው ሲጨርሱ ስልኩን ለእሱ ስጪው ይላሉ። «ልጄን እንዴት ይዘሃታል?» ብለው ይጠይቁኛል፣ ከዚያም ድምፄን ለመስማት ጸጥ ይላሉ። እኔም ሳልጨምር ሳልቀንስ እነግራቸዋለሁ። የተጣላን ለት እንኳ።