እንዴት አደሩ ሲባል ደህና ያሉ ሰው

ድራጊስት ሆኜ ሥራ በጀመርኩ ዕለት የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ጋሼ ሸምሱ ነጭ ጋውን አለበሰኝና ከመስኮቱ ኋላ አቆመኝ። «የእንቅልፍ ኪኒን ፈላጊ ሲመጣ ማዘዣውን ብቻ አይተህ አትስጥ። እንዴት እንደሚያድር ጠይቀው» አለኝ። ምክሩ ጥሩ ነበር። ችግሩ ነቀምቴ ላይ መሰጠቱ ነው።

እዚህ «አካም ቡልታን?»፣ እንዴት አደሩ፣ ሰላምታ ነው። መልሱም አንድ ነው፤ «ነጋ! ገለታ ዋቃዮ!»፣ ደህና፣ ፈጣሪ ይመስገን። ጥርሱን ሲጠዘጥዘው ያደረም እንዲሁ ይላል። እኔ ታዲያ ሰላምታ እየተለዋወጥኩ ሰው የመረመርኩ ይመስለኝ ነበር።

ኦቦ ቶለሳ ከነቀምቴ ዲጋ ሚኒባስ የሚነዱ፣ አንገተ ወፍራም፣ ሳቂታ ሰው ነበሩ። ቀን ቀን መሪ ላይ እንቅልፍ ያዳፋቸው ጀመር። ሌሊት አልተኛ ብዬ ነው ብለው ለሐኪም ነገሩና ኪኒን ታዘዘላቸው። ማዘዣውን ሲያቀብሉኝ እንደ ደንቡ ጠየቅኩ።

«አካም ቡልታን?»

«ነጋ! ገለታ ዋቃዮ!»

ሰጠኋቸው።

ኪኒኑ ሲያልቅ ሌላ ልትወስድ የመጣችው ባለቤታቸው አዴ ሌሊሴ ነበረች። ተስማማቸው ወይ አልኳት።

«ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ ተባረክ! ድሮ ሲያንኮራፋ ጎረቤት ይቀሰቅስ ነበር። አሁን መሃል ላይ ጭጭ ይላል። ቤታችን ሰላም ወረደበት።»

«ጭጭ ሲሉ ይተነፍሳሉ?»

ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ዋጥ አደረገችው።

«እኔ እንጃ… ቆይቶ ቆይቶ ከውኃ እንደወጣ ሰው አየር ይስባል።»

ደነገጥኩ። ኪኒኑን ወደ መደርደሪያው መልሼ፣ ኦቦ ቶለሳ መሪ ሳይዙ ያኑ ቀን ሐኪም ዘንድ ይዛቸው እንድትሄድ ለመንኳት።

ሐኪሙ እሷን ሲጠይቅ ነገሩ ወጣ። ሰውዬው ሲተኙ ጉሮሯቸው እየተዘጋ ትንፋሻቸው ይቋረጥ ኖሯል። ቀን የሚያዳፋቸውም ለዚሁ ነው። እስከዚያ ያተረፋቸው ትንፋሽ ባጠራቸው ቁጥር መባነናቸው ነበር። ኪኒኑ ደግሞ ጉሮሮውን ይብስ ያላላል፣ መባነኑንም ያዘገያል። አልተኛሁም ብለው የከሰሱት መባነን ለካ ጠባቂያቸው ነበር።

ሐኪሙ ኪኒኑን አስቆመ። አረቄም ያው ሥራ ነው የሚሠራው ሲላቸው ኦቦ ቶለሳ ተቆጡ። «እኔ ጌታን ከተቀበልኩ ወዲህ አረቄ በአፌ አልዞረም!» አሉ። ኪኒኑን ግን ጸልየው ነበር የሚውጡት።

ዛሬ አየር የሚገፋ ጭምብል አጥልቀው ይተኛሉ፤ ሚኒባሱንም ሐኪሙ ፈቅዶላቸው መንዳት ጀምረዋል። ባለፈው ለደም ግፊት መድኃኒት ከአዴ ሌሊሴ ጋር መጡ።

«አካም ቡልታን?» አልኳቸው።

«ነጋ…» ብለው ጀመሩና ወደ ሚስታቸው ዞሩ። «እሷን ጠይቃት።»

ለጀማሪ ድራጊስት የምለው ይኸው ነው። የእንቅልፍ ኪኒን ከመስጠትህ በፊት አጠገቡ የሚተኛውን ጠይቅ። የተኛ ሰው እንዴት እንዳደረ አያውቅም።