ለላም የተዘፈዘፈ ትንባሆ

በጣሊያን ጊዜ ቡሬ ዙሪያ የከብት መድኃኒት አዋቂ ማን ነበር ብትሉኝ፣ እኔ። ያስተማረኝ ሰው የለም፤ የገዛ ጭንቅላቴ በቃኝ። አልቅት የያዛት ላም አፍንጫ ውስጥ የትንባሆ ውሃ ጠብ አድርጌ ስንቱን አስወጥቻለሁ!

ታዲያ ውሻችንን ቁንጫ ወረረው። ቀን ሙሉ ሲያክ ይውላል፤ መጮኹንም ተወው። እሱ ካልጮኸ ደግሞ ጉድ ነው። ወንድሜ አርበኛ ሆኖ ጫካ ገብቷል፤ አልፎ አልፎ እህል ሊቀምስ ብቅ ይላል፤ ባንዳ ሲመጣ የሚነግረን ያ ውሻ ብቻ ነው።

የሚስቴ አጎት የጣሊያንን በቅሎዎች ይጠብቁ ነበር። የውሻውን ነገር ሰምተው ከጣሊያኖቹ ያገኙትን የቁንጫ ዱቄት በጨርቅ ቋጥረው መጡ።

«በሁለት ጣትህ ቆንጥረህ ብቻ። ማጅራቱ ላይ፣ ምላሱ የማይደርስበት ጋ፣ ጠጉሩን ከፍለህ ነስንስበት። ድመቷ ጋ እንዳይደርስ። እጅህንም ታጠብ።»

ጣሊያን ለአበሻ ውሻ ያዘነው ከመቼ ወዲህ ነው? ውሻ የሚጠላስ ማን ነው? ተሸሽጎ የሚመጣ ባንዳ አይደል? እኒህ ሰውዬ የወንድሜን ነገር ሳያሸቱ አልቀሩም። እጅህን ታጠብ ማለትስ ምን ማለት ነው? መርዝ ነዋ!

«እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ» ብዬ ተቀበልኩና፣ ዞር ሲሉ ጣራው ክዳን ውስጥ ሸጎጥኩት።

ከዚያ የራሴን አመጣሁ። ለላም የዘፈዘፍኩትን ትንባሆ ማሰሮውን ሙሉ ውሻው ላይ ገለበጥኩት። ቁንጫው ረገፈ!

«አየሽ?» አልኳት ሚስቴን።

«ራሱን እየላሰ ነው።»

«ይላስ! ላም እንኳ ችላዋለች።»

«ይኼ ላም ነው እንዴ? ላሟስ ብትሆን ጠብታ እንጂ ማሰሮ ደፍተህባት ታውቃለህ አንተ ሰውዬ?»

አፏን ሳትዘጋ የውሻው ለሃጭ ተዝረበረበ፤ እግሩ ተብረከረከ። ሚስቴ እየሰደበችኝ ለብ ያለ ውሃ ታፈስበታለች፤ እኔ እንዳይልስ አንገቱን ይዣለሁ። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ አጠብነው። ቀልድም አልመጣልኝ። እሱ ከሞተ ወንድሜን ያስያዝኩት እኔው ነኝ።

አልሞተም፤ በሦስተኛው ቀን ተነሳ። ቁንጫውም አብሮት ተነሳ። ወድጄ ሳይሆን ቸግሮኝ ዱቄቱን ከጣራው አወረድኩ፤ እንዳሉት ቆንጥሬ ማጅራቱ ላይ ነሰነስኩ። አላመንኩም እኮ! ቀኑን ሙሉ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ምላሱን ስጠብቅ ዋልኩ። ምንም አልሆነም። በሳምንቱ ማከኩን ተወ።

በገበያ ቀን ወንድሜ መጥቶ ገና ሁለት ጉርሻ ሳይውጥ ውሻው አጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ ጮኸ። ወንድሜ በጓሮ ወደ ሸለቆው ወረደ። ባንዶቹ ሲገቡ እኔና ገበታው ብቻ ቀርተናል።

«ይኼ የሁለት ሰው ምግብ ነው» አለ አንዱ።

«እኔም የሁለት ሰው ሆድ ነው ያለኝ» አልኩት። ሆዴን አይቶ አመነኝ።

ማን እንደላካቸው እስከ ዛሬ አላወቅሁም፤ አጎትየውን እንደጠረጠርኩ ቀረሁ። ውሻው ግን የሚጠረጥረውን ያውቃል፤ ዕድሜውን ሙሉ፣ ማሰሮ ይዤ ባየኝ ቁጥር ጥርሱን ያሳየኝ ነበር።