ተራዬን ለጌትነት የለቀቅሁበት ቀን

ከወረታ ወጥቼ ናይሮቢ ስለ ቀረሁበት ሁኔታ ስጽፍ በእጄ ያሉት ማስረጃዎች ሦስት ብቻ ናቸው፤ የመጨረሻ ገጾቹን ውሃ ያበላሻቸው የበረራ መዝገቤ፣ አንድ ቅጠል የቅጥር ደብዳቤ፣ እና የባለቤቴ የጥሩወርቅ ትዝታ። የራሴ ትዝታ አራተኛ ሊሆን ይገባው ነበር። ነገር ግን ዕድሜዬ ከገፋ ወዲህ ያየሁትን ከሰማሁት፣ የሰማሁትንም ከተመኘሁት መለየት ስለሚቸግረኝ፣ እንደ ምስክር ሳይሆን እንደ ተጠርጣሪ ብታዩት እመርጣለሁ።

የወጣነው ነሐሴ ውስጥ፣ ገና ጎሕ ሲቀድ ነበር። ይህን አልጠራጠርም፤ ወንዞቹ ርብና ጉማራ ሞልተው የፎገራ ሜዳ ከጣና ጋር አንድ ሆኖ ነበርና። እኔና ጌትነት በቀድሞው ጦር የማመላለሻ አውሮፕላን አብራሪዎች ነበርን። ጦሩ ሲበተን ወደ ትውልድ ቀያችን ተመለስን፤ እኔ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምር ጀመር፣ እሱም በእናቱ ማሳ ሩዝ ይዘራ ጀመር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ናይሮቢ ካለ አንድ አነስተኛ አየር መንገድ ደብዳቤ መጣልን። ሁለት ዓመት በትንንሽ አውሮፕላን በረዳትነት ብንሠራ፣ ኩባንያው በተዋዋለው መሠረት በጄት ወደሚበረው ትልቁ አየር መንገድ እንደምንዛወር ይገልጻል። ትልቁ ከአርባ አምስት ዓመት በላይ የሆነውን አይቀበልም። ጌትነት አርባ ሁለት አልፎት ነበር፤ እኔ በሁለት ዓመት አንሰዋለሁ።

አውቶቡሱ አጠገብ የጌትነት አጎት አያ በላይ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው፣ ጭቃ እንደ ለበሱ ቆመው ነበር።

«ለመሆኑ የዚህ ነገር ዋሱ ማነው?» አሉን።

«ደብዳቤ አለ፣ አያ በላይ» አልኋቸው።

«ደብዳቤውንማ አየሁት። አንዲት ጊደር ስንሸጥ እንኳ ‹የሰው ሆና ብትገኝስ› ብለን ዋስ እንጠራለን። እናንተ ሁለት ጎልማሶች ያለ ዋስ ልትሄዱ ነው?»

ጌትነት ሳቀ። «እኛ እኮ ጊደር አይደለንም፣ አያ።»

«ጊደርማ ብትሆኑ መቼ እለቃችሁ ነበር!»

እናቱ እማማ ስንዱ ግን አልሳቁም። እጄን ይዘው «ጌትዬን አደራ፤ ከዓይንህ አታጥፋው» አሉኝ። ጥሩወርቅ «ከፊትህ አድርገው» ነው ያሉህ ትለኛለች። የትኛው እንደ ሆነ ማወቅ ኋላ ብዙ በጠቀመኝ ነበር፤ አላወቅሁም።

ናይሮቢ ስንደርስ ደመናው የኛን ይመስላል፤ ብርዱ ግን አጥንት ውስጥ ይገባል። ዋና ምግባቸው ኡጋሊ ይባላል፤ ቅቤና በርበሬው የተረሳ ገንፎ ማለት ነው። በፎገራ ላም ወተት ያደገ ሰው የላስቲክ ወተት ሲቀርብለት ፊቱን እንዴት እንደሚያደርግ እናንተው ገምቱት። ክፍል ያከራየችን ማማ ንጄሪ የምትባል ወፍራም፣ ተናጋሪ ሴት ነበረች።

«ሥራችሁ ምንድን ነው?»

«አብራሪዎች ነን» አልኋት።

«የማታቱ?» ማታቱ የከተማው ታክሲ ነው።

«የአውሮፕላን።»

«አውሮፕላን የሚያበር ሰው ከኔ ኩሽና ጀርባ ምን ይሠራል?»

«ለሁለት ዓመት ነው። ከዚያ ወደ ትልቁ እንዛወራለን» አላት ጌትነት።

«ከናንተ በፊት የነበረውም እንዲሁ ብሎኝ ነበር።»

«ታዲያ ተዛወረ?»

«እንጃ። ሻንጣው ግን ያው፣ እዚያ ጥግ አለ። እንደ ጠረጴዛ ተጠቀሙበት።»

ተጠቀምንበት። ሻይ እናስቀምጥበት ነበር።

ኩባንያው ውስጥ በቢሮው ግድግዳ ላይ የአብራሪዎች ስም በተራ የተለጠፈበት ወረቀት ነበር። ከላይ ያለው ሰው ሲሄድ፣ ቺፍ እያልን የምንጠራው የአብራሪዎች አለቃ ስሙን በነጭ ቀለም ያጠፋና ኬክ ይቆርሳል። «ወደ ትልቁ ተዛውሯል» ይላል፤ እናጨበጭባለን፤ ሁላችንም አንድ ደረጃ ከፍ እንላለን። የሒሳብ መምህር ነበርሁና አንድ ነገር አስተዋልሁ። ተዛወሩ ከተባሉት ውስጥ አንዱን እንኳ በትልቁ አየር መንገድ ልብስ ያየ ሰው አልነበረም፤ የሁለቱም ኩባንያዎች አውሮፕላኖች የሚነሡት ግን ከአንዲት ከተማ ነው። ይህንን ለመካኒኩ ለኦቲየኖ አጫወትሁት። እጁን በጨርቅ እየጠረገ «ኬኩን ብላ፣ ምዋሊሙ፤ አትቁጠር» አለኝ። ምዋሊሙ በነሱ ቋንቋ መምህር ማለት ነው።

ሁለቱ ዓመት አለፈ፤ ሌላ ስድስት ወር ተጨመረበት። ጌትነት አርባ አምስት ሊሞላው አራት ወር ያህል ሲቀረው ቺፍ ሁለታችንን ጠራን። ጸሐፊዋ ጥግ ተቀምጣ ቅጽ ትሞላለች።

«ቦታው አንድ ነው» አለ። «በበረራ ሰዓት አንተ ትቀድማለህ» ብሎ በብዕሩ ወደ እኔ አመለከተ።

«ጌትነት ታላቄ ነው፤ እሱ ይቅደም» አልሁ።

«ኧረ በሞቴ!» አለ ጌትነት በአማርኛ። «ተራው ያንተ አይደለም እንዴ?»

«በሞቴ፣ ጌትዬ! እኔ ጊዜ አለኝ።»

ቺፍ ሰዓቱን አየ። እኛ አገር ሰው ሲጋበዝ ወዲያው እጁን አይዘረጋም፤ ሦስት ጊዜ እስኪለመን ይጠብቃል፣ ጋባዡም ይህን ያውቃል። ቺፍ አልለመነም። «መልካም፣ እሱ» ብሎ ተነሣ።

እዚህ ላይ ትዝታዬን ከሁሉ ይበልጥ እጠረጥረዋለሁ። ተራዬን የለቀቅሁት ከልቤ ይሁን፣ ለወጉ ብዬ ይሁን፣ ወይስ የዚያ ኬክ ነገር አስፈርቶኝ ጓደኛዬን በትሕትና ስም ከፊቴ አድርጌው ይሁን፣ ሃያ ዓመት መርምሬ አልደረስሁበትም።

በማግሥቱ ጸሐፊዋ ቅጹን እንድፈርም ሰጠችኝ። «ዕድሉን አልቀበልም ብሏል» ይላል።

«አልቀበልም አላልሁም» አልኋት። «እሱ ይቅደም ነው ያልሁት።»

«ቅጹ ላይ ‹እሱ ይቅደም› የሚል ሳጥን የለም» አለችኝ፤ ደግ ልጅ ነበረች፣ ሳጥኑን ቅጹን አገላብጣ ከልቧ ነው የፈለገችው።

ለጌትነት አንድ ነገር ቀርቶት ነበር፤ ከመዛወሩ በፊት በምሥራቁ ጠረፍ መስመር ሦስት ወር በዋና አብራሪነት መሥራት። አሸዋ ላይ የሚያርፉበት፣ የንፋስ አመልካቹ ጨርቅ የተቀደደበት መስመር ነው። ለትልቁ ቃለ መጠይቅ ብሎ ጥቁር ጫማ ገዛ፤ አንድ ቀን አላደረገውም፣ ማታ ማታ ግን ይወለውለዋል። በሁለተኛው ወር፣ አንድ ማክሰኞ ማለዳ በር ላይ ቆመን እኔ «ቅደም» ስለው፣ እሱም «ቅደም» ሲለኝ፣ ማማ ንጄሪ «አንዳችሁ ውጡ እንጂ! ብርዱ ገባ» ብላ ጮኸች። እሱ ቀደመ።

ዓርብ ዕለት አውሮፕላኑ ተመለሰ፤ ኦቲየኖ ሲያጥበው አየሁት። ያበረረው ግን የማላውቀው ሰው ነበር። በሳምንቱ ኬክ ተቆረሰ።

ቺፍ ቢሮ ገባሁ። «ጌትነት የት ነው?»

«ከዚያው በቀጥታ ለሥልጠና ሄዷል። ደስ ሊልህ ይገባል።»

«ጫማው አልጋው ሥር ነው።»

«ትልቁ አዲስ ጫማ ይሰጣል።»

ወደ ትልቁ አየር መንገድ ቢሮ ሄድሁ። የተቀበለችኝ ወጣት በጨዋነት ሰማችኝና ከእንዲህ ያለ ኩባንያ ጋር ውል መኖሩን እንደማታውቅ፣ ቢኖርም የሠራተኛ ስም ለባዕድ እንደማይነገር አስረዳችኝ። ፖሊስም «ጠፋ የሚለው ቀጣሪው ነው፤ ቀጣሪው ግን ተዛወረ ይላል» ብሎ መለሰኝ። ወንድሙ አይደለሁም፤ በወረቀት የሚያዛምደን አንዳች አልነበረም። ያን ጊዜ የአያ በላይ ጥያቄ ትዝ አለኝ፤ ዋሱ ማነው? ለካ ሳላውቀው ዋሱ እኔ ነበርሁ።

ግድግዳው ላይ የጌትነት ስም ጠፍቶ የኔ አንደኛ ሆነ። ቺፍ በወሩ ጠርቶ «ያለፈውን ረስተንልሃል፤ ተራህ ነው» አለኝ።

«አልቀበልም» አልሁት። «አሁን ጻፈው፤ አሁን ልክ ነው።»

ከዚያ ቀን ወዲህ አላበረርሁም። በአንድ የበረራ ትምህርት ቤት የአየር ጠባይና ሒሳብ እያስተማርሁ አረጀሁ። ጥሩወርቅም መጣች። ሻንጣውና ጫማው ዛሬም ከኛ ጋር ናቸው።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከወረታ ቴሌ የስልክ ቀጠሮ ተያዘልኝ። እማማ ስንዱ ውሃውን ተሻግረው መጥተው ነበር። ስልክ ሲይዙ ይጮኻሉ።

«ይሰማል? ጌትዬ ትልቁን ያዘ ወይ?»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርሁት።

«አንተው በደብዳቤህ ጽፈኸው አያ በላይ አነበቡልኝ፤ ተራህን ለቀህ ያስቀደምኸው አንተ ነህ። እግዜር ውለታህን ይክፈልህ፣ ልጄ! ለወንድምም እንዲህ አይደረግ።»

«ይዟል፣ እማማ» አልኋቸው።

ውሸት ብቻ አልነበረም። በዚያው ሰሞን ከዱባይ ልብስ የምታመላልስ አንዲት የጎንደር ነጋዴ እንደ ነገረችኝ፣ በዱባይ አውሮፕላን ማረፊያ አሳንሰር በር ላይ፣ እጅጌው የዋና አብራሪ አራት መስመር ያለበት ሰው አይታለች። ሰውየው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ጎንበስ እያለ፣ ከኋላው ያለውን ሁሉ ሲያስቀድም አሳንሰሩ ሞልቶ ጥሎት ሄደ። «ያገሬ ሰው መሆኑን በዚያ አወቅሁት» አለችኝ። ፊቱን አይታው እንደ ሆነ ጠየቅኋት፤ ጀርባውን ብቻ ነው ያየችው። ሌላ ያየው ሰው እስካሁን አላገኘሁም።